ያማረችው የአክስቴ ጣት

ከስልክ ጋር እንደኔ የሚግባባ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ ካለ ይምጣና እንወራረድ። ትምህርቱን ገና በትንሽ ክፍል ነው የተውኩት፤ ማለቴ እሱ ነው የተወኝ፣ እኔ ምንም አልበደልኩትም። ግን ትልቅ ትምህርት ጨርሰው፣ መነጽር አድርገው፣ ስልካቸው ሲቆለፍባቸው እኔ ጋ እየሮጡ የሚመጡ ስንት ናቸው! ፎቶ ማሳመር ላይማ አትምጡብኝ። ብጉር አጠፋለሁ፣ ጥርስ አነጣለሁ፣ አንገት ላይ ያለ ጠባሳ እንደ ፍርፋሪ አራግፋለሁ። ጎረቤታችን ፀጉር ሰሪዋ ያሳመርኩላትን ፎቶ አይታ «ይቺ ማናት? እህቴ ናት?» ያለችበት ጊዜ አለ። እህት እንኳ የላትም።

የማታደንቀኝ አክስቴ ብቻ ናት። «ስልኩን እንደዚህ ከምታሺው ሊጥ ብታሺ ኖሮ ሰፈሩ በዳቦ ይጠግብ ነበር» ትለኛለች። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስም አውጥታልኛለች፣ «ምላስ» ነው። ነይ ስትል «ምላስ!»፣ ሂጂ ስትል «ምላስ!»፣ ስትወደኝ እንኳ «ምላሴ»።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሰራ ግዢ ሲሏት «መብራት ሲጠፋ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?» ብላ ትመልሳለች። ቀኝ እግሯ ሲወርድና ሲወጣ ነው ቤታችን ምሳ የሚበላው። ስለዚህ ያቺ እግር የቤታችን አባወራ ናት ማለት ይቻላል።

አባወራችን ግን ደንዝዛለች። አክስቴ ስኳር አለባት፤ እግሯ ሙቅ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ አይለይም። የተሰበረ የመኪና መርፌ አውራ ጣቷ ውስጥ ገብቶ ሲቀር ምንም አልተሰማትም። የተሰማኝ እኔ ነኝ፣ በአፍንጫዬ።

«አክስቴ፣ አይጥ ሞቶብናል» አልኳት አንድ ቀን።

«የት?»

«እኔ ምን አውቄ። እዚሁ መኪናው አካባቢ።»

የጨርቅ ክምሩን ገለበጥኩ። የቁርጥራጩን ከረጢት አራገፍኩ። እሷ እግሯን ወደ ወንበሩ ስር ሰበሰበች። ያኔ ገባኝ። ካልሲዋን ሳወልቀው ካልሲው ብቻውን አልመጣም፤ የሆነ ነገር አብሮት ተላጠ። ጣቷ ጫፉ ላይ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ዙሪያውን ቢጫ መግል ይዟል፣ ሽታው ደግሞ ዓይን ያስለቅሳል። አፍንጫዬን ያዝኩ። ምን ላድርግ፣ ያዝኩ።

«መርፌ ነው የወጋኝ፤ ይደርቃል» አለች።

«ይሄ የሚደርቅ ነገር አይመስልም፣ የሚፈስ ነገር ነው።»

«ሐኪም ቤት ከሄድኩ ይቆርጡኛል፣ ምላስ። ከቆረጡኝ በምን እረግጣለሁ?»

«ካልሄድሽ ራሱ ወድቆ ከወለል ላይ እንለቅመዋለን» ብዬ ጫማዋን አመጣሁላት። አዎ፣ ጨካኝ ነኝ። ግን ተነሳች።

አሁን ስለ ሐኪም ቤታችን ልንገራችሁ። ድሮ ቁስል ያለበት ሰው በቀጥታ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ይገባ ነበር። ነርሷ ካልሲውን ታወልቃለች፣ «ውይ ውይ ውይ» ትላለች፣ ታጥባለች፣ ከባሰ ዶክተሯን ትጠራለች። አለቀ። ወረፋው ይረዝማል፣ ወንበሩ ቂጥ ይወጋል፣ ግን ቢያንስ ሰው ቁስልህን በዓይኑ ያየዋል።

እኛ በሄድን ጊዜ ግን ትልቁ ኩባንያ ገብቶበት ጠበቀን። ያ ፎቶ የምንለጥፍበትን፣ ሰው የምንሰድብበትን፣ የማንገዛውን ጫማ የምንመኝበትን ነገር የሰራው ኩባንያ። ሁሉን ይዞብን ይዞብን የቀረን በሽታችን ብቻ ነበርና «እሱንም እኔ ልያዝላችሁ» ብሎ መጣ። ግድግዳው ሎሚ ቀለም ተቀብቷል። ግድግዳው ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች እስከ መንጋጋቸው ይስቃሉ፤ አንዳቸውም ጉንፋን እንኳ ይዟቸው አያውቅም። ከስዕሉ ስር ሎሚ ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ፈገግታቸው ከቲሸርቱ ጋር አብሮ የታደላቸው ይመስላል። ሽታው እንኳ ተቀይሯል። ድሮ የመድኃኒት ይሸታል፤ አሁን የአዲስ ፕላስቲክ። አንገሸገሸኝ።

አክስቴ ዙሪያውን አየችና «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብላ አንሾካሾከች።

በር ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። «ቀለም አላችሁ?»

«የምን ቀለም፣ ጋሼ?»

«በስልክ ትመዘገቢያለሽ፣ ቀለም ይሰጥሻል። ያለ ቀለም ማንም አይገባም። ትእዛዝ ነው።»

«ቁስል ነው እኮ! ቁስል ማጠቢያው ያው እዚያ ነው፣ በሩ ይታየኛል።»

«እኔም ይታየኛል» አለ ጥበቃው። «ቀለም አምጪ።»

ከሎሚዎቹ አንዷ እየተውለበለበች መጣች። በልቤ ሎሚዋ ብያታለሁ፣ ሌላ ስም አያስፈልጋትም። «እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ! ዛሬ ጤናዎን በምን እናግዝዎ?»

«እግሬን ነው፣ ልጄ» ብላ አክስቴ ካልሲዋን ዝቅ ማድረግ ጀመረች።

ሎሚዋ እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ሸሸች። እግሯን ሳትነካ፣ ወንበሩን እንኳ ሳትነካ፣ ከኪሷ ሳኒታይዘር አውጥታ እጇን አሸች። ፈገግታዋ ግን ንቅንቅ አላለም። «ለኔ አያሳዩኝ፣ እናቴ። ለአፑ ያሳዩት።»

«ተይው፣ ለኔ ተይው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አክስቴን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት፣ ስልኬን አወጣሁ፣ አፑን ጫንኩ። ስም ጠየቀኝ፣ ዕድሜ ጠየቀኝ፣ ምን እንደምንበላ ጠየቀኝ፣ ጫማችንን ከየት እንደምንገዛ ጠየቀኝ። ጫማ ለምን እንደፈለገ እንጃ። «ስኳር አለብዎት?» አለኝ። «አለብኝ» ብዬ ስነካው ከስር የኬክ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ክሬም ያለው፣ ላዩ ላይ እንጆሪ የተቀመጠበት። ለስኳር በሽተኛ ኬክ! ምራቄን ዋጥኩ፣ ከዚያ ደግሞ ምራቄን መዋጤ አስጠላኝ።

ቀጥሎ «የሚያምዎትን ቦታ ፎቶ ያንሱ» አለ። እሱማ የኔ ሜዳ ነው። አክስቴ እግሯን አግዳሚው ላይ ሰቀለች፣ እኔ በአንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ በሌላው አነሳሁ። ጥርት ያለ ፎቶ። መግሉ እንኳ ያብለጨልጫል። ላክሁት።

ስልኩ ትንሽ አሰበና እንዲህ አለኝ፦ «ይህ ምስል ተመልካቾችን ሊያስቀይም ይችላል። ደንባችንን ስለሚጥስ ተወግዷል።»

ሁለቴ አነበብኩት። ቁስል የሚጸየፍ ሐኪም ቤት ማለት እኮ ጨርቅ የሚፈራ ልብስ ሰፊ ማለት ነው! ደግሜ ላክሁ፣ ደግሞ ጣለው። ከጎናችን አንዲት አራስ ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች። ጡቷ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ እሷም ፎቶ ልካ አፑ «ብልግና» ብሎ ጥሎባታል። እናት ሆና ከልጇ ፊት ባለጌ ተባለች። ቱ!

ሎሚዋን ጠራኋት። «እህት፣ ይሄ ነገራችሁ ቁስል አይወድም እንዴ?»

«ፎቶ የሚለየው ክፍል ከዋናው አፓችን የመጣ ስለሆነ ነው» አለች፣ እንደ መዝሙር። «ገና እየተማረ ነው።»

«እሱ ተምሮ እስኪጨርስ የአክስቴ እግር ትጠብቀዋለች?»

«ትንሽ ለስለስ ያለ ፎቶ ሞክሪ። መብራቱ ጥሩ የሆነ፣ ንጹህ ያለ። ግን ተጠንቀቂ፣ አሁንም ከጣሰ አካውንቱ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ዛሬ መግባት የለም።»

አያችሁልኝ? ለስለስ ያለ አለችኝ። ንጹህ ያለ አለችኝ። ይሄን ለሌላ ሰው ብትለው ግራ ይገባው ነበር። ለኔ ግን አለችኝ።

በትንሹ ነው የጀመርኩት። ጫፉ ላይ ያለውን ጥቁረት ትንሽ አቀላሁት። ስክሪኑ ላይ ያለች ክብ ምልክት ዞረች ዞረችና «አልጸደቀም፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» አለች። አሁን ፈራሁ። አክስቴ «ምን አለ?» ትለኛለች፣ «እየሰራሁ ነው» እላታለሁ። መግሉን አደረቅሁት። እብጠቱን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ቆዳውን ሮዝ አደረግሁት። እጄ ደግሞ አንዴ ከተነሳ አይቆምም፤ ጥፍሩን እንኳ ሞረድኩላት። የጨቅላ ሕጻን ጣት መሰለ። ላክሁት።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አለ ስልኩ። ስክሪኑ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፣ የወረቀት አበባም ዘነበበት።

ዘለልኩ። «አረንጓዴ! አክስቴ፣ ተነሺ፣ አረንጓዴ ሰጠን!» እጇን ይዤ ወደ ጥበቃው ሮጥኩና ስልኩን ፊቱ ላይ ደገንኩበት።

ጥበቃው አየና ራሱን ነቀነቀ። «አረንጓዴ አይገባም።»

«እንዴት አይገባም? አረንጓዴ ማለት እለፍ ማለት አይደል?»

«አዎ። ወደ ቤት እለፊ ማለት ነው። የሚገባው ቀይ ነው።»

መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። ተመልሼ እንደገና ልላክ ብዬ ስነካካው «ታካሚዋ በቅርቡ ታይታለች፤ ቀጠሮዎን በትዕግሥት ይጠብቁ» አለኝ። ቀጠሮው ሩቅ ነው፣ ሌላ ወር ላይ ነው። ከስሩ ምክር ተጽፏል፦ ውሃ ይጠጡ፣ ይራመዱ፣ ፈገግ ይበሉ።

ሎሚዋን ፈለግኋት። ከስዕሉ ስር ቆማ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ትነሳለች። «ተሳስቷል፣ ቁስሉን እይው፣ ነይ በዓይንሽ እይው» አልኳት። «እኛ ውሳኔ ውስጥ አንገባም» አለች፤ «ሲስተሙ ነው።» እንደገና ሳኒታይዘር። ያ ጩቅ ጩቅ የሚል ድምፁ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል።

አክስቴ ግን ፊቷ በርቷል። «ምን አለ? ጤነኛ ነሽ አለኝ?»

«አይ… ማለት… ጠብቂ ነው ያለው።»

«አረንጓዴ ነው አላልሽም? አበባ ሲዘንብ በዓይኔ አይቻለሁ። ይኸው! ደግሞ ይቆርጡኛል ብዬ እንቅልፍ ሳጣ!»

ልነግራት ነበር። እቤት እንደደረስን ልነግራት ነበር። ግን ካልሲዋን ለውጣ መኪናው ላይ ተቀምጣ እየረገጠች ማፏጨት ጀመረች። የምታፏጭ ሴት እንዴት ትቋረጣለች? ደግሞስ ጥፋቱ የማን ነው? ቁስሉን እንዳለ ልኬላቸው አይደል የጣሉት? ለስለስ አድርጊ ያለችኝ እሷ አይደለችም? እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። በነጋታው በሌላ ሐኪም ቤት ልሞክር ብዬ ሄድኩ፣ ከሩቁ ሎሚ ግድግዳ አይቼ ተመለስኩ። እዚያም ገብተዋል።

ስልኬ በበኩሉ አላርፍ አለ። «እንደ እርስዎ እግር ላማሩ እግሮች» እያለ ጣት የሚያሳይ ጫማ ይልክልኛል። ቀይ የጥፍር ቀለም ይልክልኛል። አክስቴ እዚያ ጣቷ በቁሟ ይበሰብሳል፣ እነሱ እዚህ ቀለም ሊቀቡት ይደራደሩኛል! ካልሲዋን ባጠብኩ ቁጥር ውሃው ቡኒ ይወጣል፣ ስልኩም ኪሴ ውስጥ ይጮሃል፣ ሳየው ጫማ ነው። ከቁስሉና ከስልኩ የቱ ይበልጥ እንደቀፈፈኝ ብትጠይቁኝ ስልኩ ነው የምላችሁ። ቁስሉ ቢያንስ አይዋሽም።

ከዚያ አንድ ጠዋት የመኪናው ድምፅ አልቀሰቀሰኝም። አክስቴ አልጋዋ ላይ እየተንቀጠቀጠች፣ ግንባሯ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ለደንበኞቿ ትቀባዥራለች። «ወገቡን ላጥብበው?» ትለኛለች። ለሷ የሌሉ ሰዎች ሁሉ እዚያ ቆመው ይለካሉ። እግሯን ገለጥኩ። ጥቁረቱ ጣቷን ጨርሶ ወደ ላይ ጀምሯል።

ጎረቤታችን ፀጉር ሰሪዋ ታክሲ ጠራች፤ ሁለታችን ተሸከምናት። ሹፌሩ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተና አንድም ቃል ሳይናገር ነዳ። እግዜር ይስጠው።

«ቀለም?» አለ ጥበቃው።

ስልኬን አላወጣሁም። አክስቴን አግዳሚው ላይ አስተኛሁና ካልሲዋን ገፈፍኩት። ፋሻውንም ገፈፍኩት። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሽታው ሥራውን ሠራ። መጀመሪያ አግዳሚው ባዶ ሆነ። ከዚያ ሎሚዎቹ ቲሸርታቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ወደ መስኮቱ ሮጡ፤ ያ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። ጥበቃው በሩን ትቶ ወደ ግቢው ወጣ። ሽታው ደግሞ ቀለም የለው፣ ወረፋ የለው፣ በኮሪደሩ ተንከባለለና ዶክተሯ ክፍል ገባ። በሩ ተከፈተ። ዶክተሯ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ፣ በቀጥታ መጥታ ተንበረከከች።

«ይሄን እግር ማን ነው ወደ ቤት የመለሰው?»

ጥበቃው ከውጭ ሆኖ ወደ ሎሚዋ ጠቆመ። ሎሚዋ ኪሴ ውስጥ ወዳለው ስልኬ ጠቆመች። እኔ ወደ ሎሚዋ ጠቆምኩ። ዶክተሯ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን ነካችና የአክስቴን ስም አወጣች። አረንጓዴ። የእግር ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ። ዶክተሯ አንድ ስድብ ተሳደበች። ስንት ስድብ የማውቅ ልጅ ነኝ፣ ያንን ግን ሰምቼው አላውቅም። ወደድኳት።

«ለኔ ቀዩን ብቻ ነው የሚልኩልኝ» አለች። «ከዚህ በር ውጭ ማን እንደሚሞት አላይም።»

ጣቷን በዚያው ቀን ቆረጧት። አጠገቧ ያለችውንም ጨምረው። እግሯ ተረፈች። አክስቴ ትኩሳቱ ሲለቃት መጀመሪያ የጠየቀችው «መርገጥ እችላለሁ?» ብላ ነው። ዶክተሯ አልዋሸቻትም። «ቁስሉ ሲድን እናያለን። በተረከዝሽ ትለምጂ ይሆናል፤ ግን ለብዙ ጊዜ መርገጥ የሚባል ነገር የለም» አለቻት። አክስቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ የምለው ነገር ጠፋኝ። ለኔ! ምላስ ለተባልኩት!

ምላሴ የተመለሰልኝ ሎሚዋ ስትመጣ ነው።

በማግስቱ ይሁን ከዚያ በኋላ እንጃ፣ ከሰዓት ላይ፣ የሴቶቹ ክፍል በጠያቂ ሞልቶ ሳለ፣ አበባ ይዛ ብቅ አለች። እውነተኛ አበባ አይደለም፣ የጨርቅ። ካሜራ ያንጠለጠለ ሎሚ ከኋላዋ አለ። «እናቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ! የእርስዎን ታሪክ ለሌሎች ማካፈል እንፈልጋለን። በእኛ ታግዘው እግርዎ እንደተረፈ። አንድ ፎቶ ብቻ፣ ፈገግ ብለው።»

ተነሳሁ።

«ፈገግ?» አልኳት። «ያንቺን ዓይነት ፈገግታ? እኔ ከዚች እግር ላይ መግል በእጄ ጠርጌአለሁ፣ እንዳንቺ የሚያቅለሸልሽ ነገር ግን አላየሁም። ቁስላችንን ስንሰጣችሁ ትጸየፋላችሁ፣ ጫማ ልትሸጡልን ሲሆን እግራችንን ታሞግሳላችሁ። ያቺን አራስ ባለጌ አላችኋት። አክስቴን ጤነኛ አላችኋት። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚገማው እናንተ ናችሁ! እጅሽን በዚያ በሳኒታይዘርሽ ስታሺው ብትውይ አይለቅሽም!»

«ይበላት!» አለች ከማዶ አልጋ ያለች ሴትዮ። ሌላዋ አጨበጨበች። ጠያቂዎቹ «እውነቷን ነው» አሉ። ባለ ካሜራው ካሜራውን ወደ ወለሉ አወረደ። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ወደ አክስቴ ዞሬ እስክታደንቀኝ ጠበቅሁ።

ሎሚዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ቀልቷል፣ ድምጿም ያ የመዝሙሩ ድምፅ አልነበረም። «እናቴ» አለች፣ ታብሌቷን ወደ አክስቴ እያዞረች፣ «ለእኛ የደረሰን ፎቶ ይሄ ነው።»

አክስቴ መነጽሯን ጠየቀች። ከትራሱ ስር አውጥቼ ሰጠኋት። ታብሌቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ያቺን ሮዝ ጣት፣ ያንን የሞረድኩትን ጥፍር፣ ልብስ ስፌት እንደምትመረምር አድርጋ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«የማን እግር ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው» አልኩ በቀጭን ድምፅ። «ትንሽ ብቻ… አሳምሬው ነው። እንዲቀበሉት ብዬ።»

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። ታብሌቱን ለሎሚዋ መለሰችላት። ከዚያ ወደኔ ዞራ፦

«እኔ የሄድኩት ልታከም ነው ልዳር? በሉ ሁለታችሁም ውጡልኝ፣ ልተኛበት።»